የአያት ሽጉጥ ስንት ዓመቱ ነው?



ይህን መድረክ ያዘጋጁት ወጣቶች ሲጋብዙኝ ጥያቄያቸው አጭር ነበር። «በየቤቱ ከአያት የቀረ ትንሽ ሽጉጥ አለ። ምን ዓይነት እንደሆነና መቼ እንደተሠራ እንዴት ነው የሚታወቀው?» አሉኝ። ጥያቄውን ወደድኩት። ስለ ጠመንጃ ብዙ ተነግሯል። ውጅግራ፣ ሰናድር፣ አልቢን፣ ለበን፣ ምንሽር እያሉ አንዱን ከሌላው የሚለዩ አዛውንት ዛሬም በመካከላችን አሉ። ወገብ ላይ የምትታሰረዋ፣ ከጋቢ ሥር የምትደበቀዋ ትንሽ ተሽከርካሪ ሽጉጥ ግን ይህ ዕድል አልገጠማትም። አምስት ትጉረስ ሰባት፣ ቤልጅየም ትሠራ ሩሲያ፣ «ስድስት ጎራሽ» ተብላ ታልፋለች።

ጥያቄው ከእናንተ ከተሞች መነሣቱም አልገረመኝም። ሰበታ የጅማ መንገድ በር ናት፤ ቡራዩ የአምቦና የወለጋ፣ ሱሉልታ የጎጃም። ወደ አዲስ አበባ የሚገባው ነጋዴ፣ መኳንንት፣ ወታደርና አርበኛ በእነዚህ በሮች ተመላልሷል። አሁን ደግሞ ሦስቱም በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለው በፍጥነት እየተለወጡ ነው። የጭቃ ቤቱ ይፈርሳል፣ የእርሻው ማሳ ሕንፃ ይበቅልበታል። አሮጌ ቤት ሲፈርስ ደግሞ ከጣሪያ ሥር፣ ከሣጥን ግርጌ፣ ከግድግዳ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ብቅ ይላል። ያን ጨርቅ የሚፈታው ወጣት አያቱን በሕይወት አላገኛቸው ይሆናል።

የዛሬው ነገሬ ዋና ሐሳብ አንድ ነው፤ ደጋግሜ እመለስበታለሁና ያዙልኝ። አንድ አሮጌ ሽጉጥ ሦስት ቀን አለው። አንደኛው ፋብሪካ ውስጥ የተሠራበት፣ ሁለተኛው አገራችን የገባበት፣ ሦስተኛው እናንተ ቤት የገባበት ቀን ነው። ብረቱ የሚናገረው ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው። ስለ ሦስተኛው የሚናገሩት አያት ናቸው። መካከለኛውን ሁለቱን ቃል አቀራርበን እኛ እንፈልገዋለን።

በመጀመሪያ፣ ከመንካት በፊት

ስለ ታሪክ ከመናገሬ በፊት ስለ ሕይወት ልናገር። ማንም ሰው ሽጉጥ ይዞ ወደዚህ አዳራሽ እንዳይመጣ አስቀድሜ ለምኜ ነበር። ፎቶግራፍ ብቻ ይዛችሁ ስለ መጣችሁ አመሰግናችኋለሁ።

አሮጌ ሽጉጥ ባዶ ነው ብላችሁ በፍጹም አትመኑ። ዝገት ተሽከርካሪውን የጥይት ቤት ቆልፎ ሲይዘው ጥይቱ እዚያው ውስጥ ይቀራል። ሰባና ሰማንያ ዓመት የተቀመጠ ጥይትም ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ምላጩን አትሳቡ፣ መዶሻውን አታንሡ፣ በአፈሙዙ በኩል አትመልከቱ፣ ልጆችን አርቁ። ሕጉም ግልጽ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል፤ «የአያቴ ነው» ማለት ፈቃድ አይሆንም። አዲስ የተገኘ መሣሪያ ካለ ካለበት ሳታነሡ ለአቅራቢያችሁ ፖሊስ አስታውቁ። ተሸክሞ መሄድ በመንገድ ላይ ሌላ ጣጣ ያመጣል። በእነዚህ ከተሞች የጥይት ድምፅ የቅርብ ሐዘን የሆነበት ቤተሰብ እንዳለም አልዘነጋም። እኔ የምናገረው አንድን ነገር አውቆ ስለ መመዝገብ ነው፤ ስለ መተኮስ የምለው አንዳች ነገር የለም።

ፈቃድ ላላቸውም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጥይቱ ልክ ገባ ማለት ሽጉጡ ይችለዋል ማለት አይደለም። ከ19ኛው መቶ ዓመት የቀሩት አብዛኞቹ የኪስ ሽጉጦች የተሠሩት ለጥቁር ባሩድ ነው። የዛሬው ጭስ አልባ ባሩድ የሚፈጥረውን ግፊት ያ ብረት አይሸከመውም፤ በተኳሹ እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

ሁለተኛው ነጥብ፦ የተሠራበትና የመጣበት ቀን አንድ አይደለም

ይህን በሁለት የታወቁ ታሪኮች ላሳያችሁ።

የመጀመሪያው የተፈጸመው ከሱሉልታ ሜዳ በላይ በምናየው በእንጦጦ ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ ቅኔውን ትቶ ነጋዴ ከሆነ በኋላ፣ ከታጁራ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ ለንጉሥ ምኒልክ ከ2,000 በላይ ጠመንጃ አመጣ። ሸዋ የደረሰው በ1887፣ በእኛ በ1879 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሡንም ያገኛቸው እንጦጦ ላይ ነበር። ያመጣው ጠመንጃ ምን ዓይነት ነበር? ራሱ በደብዳቤው እንደገለጸው፣ አውሮፓ ከአርባ ዓመት በፊት የጣለው፣ በቤልጅየሟ በሊየዥና በፈረንሳይ አሮጌ መሣሪያ ሻጮች ዘንድ በሰባትና በስምንት ፍራንክ የሚገኝ ዕቃ ነው። ለንጉሡ ይሸጥ የነበረው ግን በአርባ ፍራንክ ገደማ ነበር።

እንግዲህ አስቡት። ያ ጠመንጃ ዛሬ ከአንድ ሰው ቤት ቢገኝ፣ ብረቱን ብቻ የሚያይ ሰው «የ1840ዎቹ ነው፤ በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ወይም ከዚያ በፊት የገባ ነው» ይላል። የቤቱ ሰው «ከምኒልክ ግምጃ ቤት ለአያቴ የተሰጠ ነው» ይላል። ሁለቱም ሲከራከሩ ይውላሉ። አንዱ ስለ ተሠራበት ቀን፣ ሌላው ቤት ስለ ገባበት ቀን ነው የሚናገሩት፤ ሁለቱም እውነት ይዘዋል። ለሽጉጥም ነገሩ እንዲሁ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወደ አገራችን ይገባ የነበረው መሣሪያ ከፊሉ አዲስ፣ ከፊሉ አውሮፓ የሰለቸው ነበር።

ሁለተኛው ታሪክ የመቅደላው ነው። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን የሠዉበት ሽጉጥ ከእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የተላከላቸው ስጦታ እንደነበር ሁላችሁም ሰምታችኋል። ከእንግሊዝ ጦር ጋር መቅደላ የነበረው ጋዜጠኛ ሄንሪ ስታንሊ እንደዘገበው፣ ሽጉጡ ላይ የብር ሰሌዳ ነበረበት። በሰሌዳው ላይ የተቀረጸው ንግሥቲቱ ለአገልጋይዋ ለፕላውደን ስለ ተደረገው ደግነት ለኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ለቴዎድሮስ የሰጠችው መሆኑን ይናገራል፤ የተጻፈበት ዓመትም 1854 ነው።

አሁን ልብ በሉ። በ1854 ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሠ ነገሥት አልነበረም። ደጃዝማች ካሣ ነበሩ። ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት በየካቲት 1847 ዓ.ም. ነው፤ ያም በአውሮፓ አቆጣጠር 1855 መሆኑ ነው። ስለዚህ ያ ጽሑፍ በላዩ ባለው ዓመት ሊቀረጽ አይችልም፤ የተቀረጸው ከዚያ በኋላ ነው። በብር ላይ በንግሥት ትእዛዝ የተቀረጸ ዓመት እንኳ እንዲህ ተመርምሮ ይታረማል። በሽጉጥ እጀታ ላይ በአማርኛ ፊደል የተቀረጸ ስም ወይም ዓመት ስታገኙም ይህን አስታውሱ። የባለቤትነት ጽሑፍ ነው። ማን እንደያዘው ይነግራችኋል፤ ማን እንደሠራው አይነግራችሁም።

ሦስተኛው ነጥብ፦ ብረቱን ማንበብ

ወደ ዋናው ሥራ ገባን። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ትንሽ ሽጉጥ ስል የአፈሙዙ ቀዳዳ ከ5.5 እስከ 8 ሚሊሜትር የሚደርሰውን ማለቴ ነው። በመጀመሪያ የሚታየው ስም ወይም ቁጥር አይደለም፤ ጥይቱን እንዴት እንደሚመታ ነው። ይህን የሚያጣራው ሽጉጡን ባዶ ማድረግ የሚችል ባለሙያ ነው፤ እናንተ ከፎቶግራፉ ታነቡታላችሁ።

በጥይት ቤቱ የኋላ ጠርዝ ላይ፣ ከየጉድጓዱ በላይ ትንሽ ሰርጥ ካያችሁ፣ ያ ባለ መርፌ ጥይት የሚጎርስ ነው። ጥይቱ ከጎኑ ቀጭን መርፌ ይወጣዋል፤ መዶሻው ከላይ ወርዶ መርፌውን ይመታል። ይህን ዓይነት ጥይት ፈረንሳዊው ካዚሚር ለፎሾ በ1835 አወጣው፤ ልጁ ዩጂን በ1854 ለተሽከርካሪ ሽጉጥ አዋለው። 7 ሚሊሜትር የሆነው የኪስ ሽጉጥ በሊየዥ በብዛት ተሠርቷል። እንዲህ ያለ ሽጉጥ ከተገኘ ከ19ኛው መቶ ዓመት መሆኑ ይበልጥ ያስኬዳል።

ቀጥሎ የመጣው ጠርዙ የሚመታው ጥይት ነው። የአሜሪካኖቹ ስሚዝና ዌሰን በ1857 ያወጡት ባለ ሰባት ጥይት ትንሽ ሽጉጥ የዚህ ዓይነት ነበር። የቀለሁን መሐል የሚመታው ከዚያ በኋላ ተስፋፍቶ እስከ ዛሬ ዘልቋል። አሜሪካ ሠራሽ በሆነ ሽጉጥ ላይ የፈጠራ መብት የተሰጠበት ቀን ተቀርጾ ታገኛላችሁ፤ ስሚዝና ዌሰን ሚያዝያ 3 ቀን 1855ን ቀርጸዋል። ያ ሐሳቡ የተመዘገበበት ቀን ነው። ሽጉጡ ራሱ ከዚያ በኋላ በማናቸውም ጊዜ ተሠርቶ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ቅርጹን እዩ። መዶሻው በሽፋን ውስጥ የተደበቀ፣ ምላጩ ወደ ፊት የሚታጠፍና በዙሪያው መከላከያ ቀለበት የሌለው ትንሽ ሽጉጥ ካጋጠማችሁ፣ ምናልባት ቬሎዶግ የሚባለው ወገን ነው። ይህን ያወጣው ሻርል ፍራንስዋ ጋላን ነው። ዘመኑ 1894 ገደማ፣ ብስክሌት በአውሮፓ የተስፋፋበት ጊዜ ነው፤ ሽጉጡም የብስክሌት ነጂ ከሚያባርረው ውሻ ራሱን እንዲከላከልበት ተብሎ ለገበያ ቀረበ። የመጀመሪያው ጥይት 5.75 ሚሊሜትር ነበር፤ ኋላ ግን በሌላ ጥይትም፣ በ6.35 ጭምር፣ ተሠርቷል። ቤልጅየም፣ ፈረንሳይና ስፔን ሠርተውታል። መዶሻው ከኪስ ሲወጣ ጨርቅ ስለማይዘው በመንገድ ላይ ለሚውል ሰው የተመቸ ነበር።

አሁን ወደ ማኅተሙ እንምጣ። ከእናንተ ፎቶግራፎች ብዙዎቹ የሠሪ ስም የላቸውም። ይህ ሐሰተኛ ዕቃ መሆኑን አያሳይም። በሊየዥ አካባቢ መሣሪያ የሚሠራው በትልልቅ ፋብሪካ ብቻ አልነበረም። አንዱ በቤቱ አፈሙዝ ይቦረቡራል፣ ሌላው ምላጭ ይሞርዳል፣ ሌላው እጀታ ያለብሳል፤ ነጋዴው ሰብስቦ ይሸጣል። ስለዚህ ስም ሳይጻፍበት የወጣው ብዙ ነው። ስም ባይኖረውም ግን የፍተሻ ማኅተም አለው፤ ሊየዥ የሚሠራው መሣሪያ ሁሉ በከተማይቱ የፍተሻ ቤት ከባድ ባሩድ እየተተኮሰበት ይፈተሽ ነበርና። ያለፈው ይታተምበታል። ለእኛ የልደት ወረቀቱ ይኸው ማኅተም ነው።

የሊየዥ ማኅተም እንቁላል ቅርጽ ባለው ክብ ውስጥ የላቲን ፊደላት ኢ፣ ኤል፣ ጂ ተጽፈው ከሥራቸው ኮከብ ያለበት ነው። ብዙውን ጊዜ በጥይት ቤቱ ላይ ይገኛል። እጅግ ትንሽ ስለሆነ ስልካችሁን አቅርባችሁ፣ ብርሃኑን ከጎን አድርጋችሁ አንሡት። አሁን የምላችሁን በደንብ ስሙኝ፦ ከእንቁላሉ በላይ ዘውድ አለ ወይስ የለም? ዘውዱ የተጨመረው በ1893 ነው፤ በእኛ 1885 ዓ.ም.። ዘውድ የሌለው ከዚያ በፊት የተፈተሸ ነው። ዘውድ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። በአንዲት የዘውድ ምልክት ሁለት ዘመን ይለያል።

ሌሎችም አሉ። የተቆጣጣሪው ምልክት አንድ ፊደል ነው፤ ከፊደሉ በላይ ዘውድ ካለ ከ1877 በፊት፣ ኮከብ ካለ ከ1877 በኋላ ነው። ዘውድ የደፋ «አር» ፊደል አፈሙዙ በውስጡ ጠመዝማዛ ሰርጥ እንዳለው ያመለክታል፤ ከ1894 ጀምሮ የመጣ ነው። ከላዩ አንበሳ ያለበት «ፒ ቪ» በጭስ አልባ ባሩድ መፈተሹን ይናገራል፤ እሱም ከ1890ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው። አንበሳውን አይታችሁ የይሁዳ አንበሳ እንዳይመስላችሁ፤ የቤልጅየም አንበሳ ነው። ከ1922 ጀምሮ ደግሞ በየዓመቱ የሚለወጥ አንድ ትንሽ የላቲን ፊደል ይታተም ጀመር። ይህ ፊደል ከተገኘ ዓመቱን በትክክል ማወቅ ይቻላል።

ስለ ሌሎቹ አገሮች ባጭሩ ልለፍ። የጀርመን ማኅተም ዘውድ የደፋ «ዩ» እና «ኤን» ነው፤ ከ1890ዎቹ እስከ 1939 ድረስ የነበረ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዘውዱ በንስር ተተካ። የፈረንሳይ ጦር የ1892 ሞዴል 8 ሚሊሜትር ሽጉጥ የተሠራበት ዓመት በአፈሙዙ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ የጥይት ቤቱ ወደ ቀኝ ስለሚከፈት ከሩቅ ይለያል። የሩሲያው ናጋንት ሰባት ጎራሽ ነው። ከ1895 ጀምሮ በመጀመሪያ በሊየዥ፣ ቀጥሎ በቱላ ከተማ ተሠርቷል፤ ቱላ የተሠራው ዓመቱ በግልጽ አለበት።

እስቲ አንድ ሽጉጥ በሐሳባችሁ ያዙና አብረን እናንብብ። አምስት ጎራሽ ነው። ምላጩ ይታጠፋል፣ መዶሻው አይታይም፣ ጥይቱ 6.35 ነው። ስም የለውም። እንቁላሉ ዘውድ አለው፣ ፊደሉ ኮከብ አለው፣ ዘውድ የደፋ «አር» አለው፣ የዓመት ፊደል ግን የለውም። ቤተሰቡ «ከአድዋ የመጣ ነው» ይላል።

እንቁላሉ ከ1893 በኋላ አለን። «አር» ደግሞ ከ1894 በኋላ አለን። እስከዚህ ድረስ አድዋ ይቻላል፤ አድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ ያም መጋቢት 1896 ነው። ነገር ግን የ6.35 ጥይት ከብራውኒንግ የኪስ ሽጉጥ ጋር ለገበያ የወጣው በ1905 ገደማ ነው። ስለዚህ ሽጉጡ ከ1897 ዓ.ም. በፊት ሊኖር አይችልም። የዓመት ፊደል ስለሌለው ደግሞ ከ1922 በፊት የሆነ ይመስላል። በነሐሴ 1914 የጀርመን ጦር ሊየዥን ያዘ፤ እስከ 1918 መጨረሻም አልለቀቀም፤ የመሣሪያው ንግድ በእነዚያ ዓመታት እንደ ቀድሞው አልነበረም። ስለዚህ የእኛ ሽጉጥ ከ1905 እስከ 1914 ባለው ጊዜ የተሠራ ነው ማለት ሚዛን ይደፋል፤ ከጦርነቱ በኋላ ከ1919 እስከ 1922 ባሉት ዓመታት መሆኑም አይከለከልም። አድዋ ላይ ግን አልነበረም።

አንድ ስም የሌለው፣ የዛገ፣ መዳፍ የማይሞላ ብረት ይህን ሁሉ ተናገረ። ይህን እንዲናገር ያስቻለው ማኅተሙ ነው። ስለዚህ እለምናችኋለሁ፤ በአሸዋ አትሹት፣ በብረት ብሩሽ አትፈትጉት፣ በሞረድ አታስነኩት። የሚያብረቀርቅና ማኅተሙ የጠፋ ሽጉጥ አፍ የሌለው ምስክር ነው። መለያ ቁጥሩ የተፋቀ መሣሪያ ደግሞ ለታሪክ ብቻ ሳይሆን ለሕግም ጥያቄ ያስነሣል።

አራተኛው ነጥብ፦ የዘመን አቆጣጠር ወጥመድ

ይህ ነጥብ የኢትዮጵያውያን ብቻ ነው፤ በውጭ አገር መጽሐፍ አታገኙትም።

በብረት ላይ ያለው ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። አያት የሚናገሩት በእኛ ነው። በመካከሉ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አለ፤ ይህም ሙሉ አንድ ጦርነት፣ አንድ የመንግሥት ለውጥ የሚያሳልፍ ጊዜ ነው። ጣሊያን ሠራሽ የሆነውን ቦዴዮ ሽጉጥ ምሳሌ እናድርግ። 10.35 ሚሊሜትር ስለሆነ ከትናንሾቹ ወገን አይደለም፤ ነገር ግን በአገራችን ታሪክ ሁለት ጊዜ የመጣው የጣሊያን ጦር መሣሪያ ነውና አነሣዋለሁ። ሞዴሉ የ1889 ነው። ስለዚህ አድዋ ላይ ሊማረክ ይችላል፤ በ1928 ዓ.ም. ከመጣው ጦርም ሊማረክ ይችላል። የሚለየው በብረቱ ላይ ያለው ዓመት ነው። «1916» የሚል ብታገኙ አንዱ ሰው በእኛ አቆጣጠር ቆጥሮት «የንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ነው» ይላል። 1916 በእኛ 1908 ወይም 1909 ነው፤ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን የወረዱበትና የሰገሌ ጦርነት የተደረገበት ዘመን። ሽጉጡ ያኔ ገና ከፋብሪካ መውጣቱ ነበር፤ ከአድዋ ሃያ ዓመት ዘግይቶ የተሠራ ነው። እኛ ዘንድ ከመጣ፣ በአምስቱ ዓመት ወረራ የመጣ መሆኑ ይበልጥ ያስኬዳል።

በዚያው በወረራው ዘመን በተሠሩ የጣሊያን መሣሪያዎች ላይ ከዓመቱ ጎን የሮማውያን ቁጥር ታያላችሁ። ፋሺስቶች ሥልጣን ከያዙበት ከጥቅምት 1922 ጀምረው ይቆጥሩት የነበረ ዓመት ነው። አሥራ አራተኛው ዓመታቸው ከጥቅምት 1935 እስከ ጥቅምት 1936 ያለው፣ አዲስ አበባ የተያዘችበት ዓመት ነው። ይህን ቁጥር የሞዴል ቁጥር ወይም የሻለቃ ቁጥር ነው ብለው የሚያልፉት ብዙ ናቸው።

ስትመዘግቡ ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለቱንም ጻፉ። በብረቱ ላይ ያለውን እንዳለ ቅዱ፤ ከጎኑ በእኛ አቆጣጠር ሁለት ዓመት አድርጋችሁ አስቀምጡ። ማኅተሙ ወር ስለማይናገር አንድ ዓመት ብቻ መጻፍ ስሕተት ይጋብዛል።

አምስተኛውና የመጨረሻው ነጥብ፦ የአያት ቃል

አሁን «ከአድዋ የመጣ ነው» ወዳለው ቤተሰብ እንመለስ። ብረቱ አይደለም ብሏል። ታዲያ አያት ዋሹ?

እኔ እንዲህ አላምንም፤ ማንም ሰው በዚህ ምክንያት አያቱን እንዲያፍርባቸው አልፈልግም። የአድዋ ዘማች የነበሩ ሰው ከጦርነቱ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረዋል። ነግደዋል፣ ተሹመዋል፣ ርስት ተከራክረዋል። የባቡር ሐዲዱ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ የአውሮፓ ዕቃ ወደ መሐል አገር መድረስ ቀለለው። ትንሿን ሽጉጥ ያኔ ገዝተው ሊሆን ይችላል። ልጆቻቸው «የአድዋው ዘማች ሽጉጥ» ይሏታል። የልጅ ልጆቻቸው ቃሉን ያሳጥሩና «የአድዋ ሽጉጥ» ይላሉ። ሰውየው አድዋ ነበሩ፤ ሽጉጡ አልነበረም። ቤተሰቡ የጠበቀው ስለ ሰው የሆነውን እውነት ነው፤ ዕቃውን የሰውየው ማስታወሻ አድርጎ ይዞታል።

የአርበኝነቱ ዘመን ወሬም እንዲሁ በጥንቃቄ ይያዝ። በ1928 ዓ.ም. ክረምት አርበኞች አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ከየአቅጣጫው ዘምተዋል። በጅማ መንገድ በወሊሶ በኩል የደጃዝማች ገረሱ ዱኪ ስም ዛሬም ይነሣል። ከቡራዩ ማዶ ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣት መኰንኖች ወደ ወለጋ ሄደው ከጥቁር አንበሳ ጦር ጋር ተሰልፈዋል። ስለዚህ «አባቴ ከዚህ መንገድ ላይ ከጣሊያን ማረከው» የሚል ቃል በእነዚህ ከተሞች ሲነገር መሠረት አለው። ነገር ግን ሽጉጡ የሊየዥ የኪስ ሽጉጥ ከሆነ፣ ያ የጣሊያን ጦር መደበኛ ትጥቅ አይደለም። የአንድ ሹም የግል ንብረት ሊሆን ይችላል፣ ከሌላ ሰው የተገኘ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ «ውሸት ነው» ማለትም «እርግጥ ነው» ማለትም አይገባም። ቃሉንም ማኅተሙንም ጎን ለጎን ጻፉ።

እንዴት ትጽፉታላችሁ? አዛውንቷን ወይም አዛውንቱን በቤታቸው፣ በሚመቻቸው ሰዓት ጠይቁ። ፊት ለፊታቸው «አባባ፣ ይህ የአድዋ ሽጉጥ ነው አይደል?» አትበሉ፤ መልሱን አስቀድማችሁ ሰጣችኋቸው ማለት ነው። «መጀመሪያ ያዩት የት ነው? ማን እጅ ነበር? ያኔ እርስዎ ስንት ዓመትዎ ነበር? ንጉሡ ማን ነበሩ?» በሉ። በአፋን ኦሮሞ የሚያወጉ ከሆነ በዚያው ቋንቋ ቅዱት፤ ለመጻፍ ሲባል ወደ አማርኛ አትገልብጡት። ያወቁትን ከሰሙት ለዩ። «አይቻለሁ» ያሉትን በአንድ በኩል፣ «አባቴ ይሉ ነበር» ያሉትን በሌላ በኩል አስፍሩ። ከአንድ በላይ አዛውንት ካሉ ለየብቻ ጠይቁ። ቃላቸው ቢለያይ አታስታርቁት፤ ሁለቱንም አስቀምጡ።

ከዚህ ጋር አራት ፎቶግራፍ ይበቃል። ግራ ጎኑ፣ ቀኝ ጎኑ፣ የጥይት ቤቱ ማኅተሞች በቅርበት፣ የአፈሙዙ የላይኛው ገጽ። ከጎኑ ማስመሪያ አድርጉበት። መለያ ቁጥሩ የሚታይበትን ፎቶግራፍ ግን በማኅበራዊ ሚዲያ አትልቀቁ፤ ሽጉጡ በማን ቤት እንዳለም አትጻፉ። ይህ መዝገብ የቤተሰብ መዝገብ ነው። ፈቃደኛ የሆነ ቤተሰብ ቅጂውን ለዩኒቨርሲቲ ወይም ለሙዚየም ሊሰጥ ይችላል፤ ሽጉጡን ራሱን ለሙዚየም ማስረከብ ለሚፈልግም መንገዱ ከፖሊስ ጋር በሕግ ይጀመራል።

አሁን ወደ ፎቶግራፎቻችሁ እንሂድ። ወጣቶቹ በግድግዳው ላይ በትልቁ ያሳዩልናል። የምንጀምረው ዘውድ ያለውና የሌለው እንቁላል ጎን ለጎን ከሚታዩባቸው ከሁለቱ ነው፤ ምን እንዳያችሁ እናንተ ንገሩኝ፣ እኔ በመጨረሻ እናገራለሁ።